የባርባራ ጆርዳንን ሕይወት በክበብ ማስተማር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መምህራን

ይህ ጽሑፍ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ ወይም የሴት ተማሪዎች ክበብ ለሚመሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ሥራው ሁለት የክበብ ቀን፣ በየቀኑ 90 ደቂቃ ይፈልጋል። ጊዜ ያጠረበት ክበብ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ቢሠራ ይሻለዋል። ሁለቱን ቀን በአንድ ከሰዓት የጠቀጠቀ ልጆቹን ስምና ዓመተ ምሕረት አስይዞ ይሸኛቸዋል፤ ሌላ የሚያተርፉት የለም።

ባለታሪኳ ባርባራ ጆርዳን ናት። እ.ኤ.አ. በ1936 በቴክሳስ ግዛት በሂዩስተን ከተማ ተወለደች። አባቷ የመጋዘን ሠራተኛና የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ያደገችው አምስተኛው ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ሲሆን፣ የተማረችውም ለጥቁሮች ብቻ በተለዩ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1966 ለቴክሳስ ሴኔት ተመረጠች። በ1972 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመርጣ ዋሽንግተን ገባች፤ በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን ይነሳ ወይ ብሎ በመረመረው ኮሚቴ ውስጥ ያደረገችው ንግግር በመላ አገሪቱ አሳወቃት። በ1996 አረፈች።

በየትምህርት ቤቱ የተለመደው አቀራረብ እንዲህ ነው፤ መድልዎ ባለበት ከተማ ተወለደች፣ ጠንክራ ተማረች፣ ከፍ ያለ ሥልጣን ላይ ደረሰች፣ እናንተም ጠንክሩ። ይጨበጨብና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ አቀራረብ አንድ ንቁ ተማሪ ለሚያነሳው ጥያቄ መልስ የለውም። ጆርዳን በ1962 ተወዳድራ ተሸነፈች። በ1964 እንደገና ተወዳድራ ተሸነፈች። በ1966 አሸነፈች። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ተገኘ? ልጅቱ ያቺው ናት፣ አንደበቷም ያው ነው። የተለወጠው የምርጫ ክልሉ ካርታና ድምፅ ለመስጠት የሚከፈለው ገንዘብ ነበር። የሁለቱ ቀን ሥራ በሙሉ የተቀመረው ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው በእጃቸው እንዲደርሱበት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

50 ተማሪ ላለው ክበብ አሥር ቡድን ይመሥርቱ፤ በየቡድኑ አምስት ተማሪ። ለእያንዳንዱ ቡድን 30 ነጭ ቦሎቄና 20 ቀይ ቦሎቄ ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 300 ነጭና 200 ቀይ ማለት ነው። ከየዓይነቱ ሩብ ኪሎ ቢገዙ ይተርፋል። ቀይ ቦሎቄ ከገበያ ከጠፋ ሽምብራ ይተካዋል። ምስር አይሆንም፤ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ለመቁጠርም ያስቸግራል። ከረሜላ ደግሞ በፍጹም አይሁን፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ መራጩ ተበልቶ ያልቃል። ፍሬውን ቀደም ብለው ቆጥረው በየፌስታሉ ይቋጥሩ። በክፍል ውስጥ ይቆጠር ከተባለ ሩብ ሰዓት ይበላል፤ አንድ ቡድን 19 ቀይ ይዞ ከቀረ ደግሞ ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል።

ከዚህ ሌላ 6 ሜትር ሲባጎ፣ 25 ያህል የልብስ መቆንጠጫ፣ የግማሽ ኤ ፎር መጠን ያላቸው ካርዶች፣ ሁለት ቀለም ማርከር፣ ጠመኔና ሜትር ያዘጋጁ። ለሁለተኛው ቀን የ1974ቱ ንግግር ድምፅ በስልክ ወይም በፍላሽ ላይ፣ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ይኑር። በኢንተርኔት በቀጥታ ለማሰማት አይሞክሩ። ኔትወርኩ ባይቋረጥ መብራቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ማጉያው ባትሪ ያለው ይሁን፣ ማታውን ቻርጅ ይደረግ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ሲባጎው

ጆርዳን የኖረችው ከ1936 እስከ 1996፣ ስድሳ ዓመት ገደማ ነው። አንዱን ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ቢያደርጉት ሲባጎው 6 ሜትር ይሆናል። ግድግዳው ካልበቃ 8 ሴንቲ ሜትር ያድርጉትና በ4 ሜትር ከ80 ይጨርሱ። ከመስኮት በኩል አይወጥሩት፤ ንፋሱ ካርዱን እያገላበጠ ያስቸግራል። ከሲባጎው በላይ የሂዩስተንና የዋሽንግተን ካርዶች፣ ከሥር የደሴና የኢትዮጵያ ካርዶች ይሰቀላሉ። በላይኛው በኩል የሚሰቀሉት ቦታቸው ከመነሻው ተለክቶ እንዲህ ይሆናል።

80 ሴንቲ ሜትር ላይ 1944፦ ጥቁሮችን ከፓርቲ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው እጩውን ከሚለይበት ምርጫ) ያገለለውን የቴክሳስ ደንብ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረ፤ ከሳሹ እዚያው ሂዩስተን የሚኖር ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነበር። 1 ሜትር ከ60 ላይ 1952፦ ጆርዳን ከፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመረቀች። 1 ሜትር ከ80 ላይ 1954፦ በትምህርት ቤት ዘርን መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተፈረደ። 2 ሜትር ላይ 1956፦ ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። 2 ሜትር ከ30 ላይ 1959፦ ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ አገኘች። 2 ሜትር ከ60 እና 2 ሜትር ከ80 ላይ ሁለቱ ሽንፈቶች፣ 3 ሜትር ላይ ድሉ። ከዚያ 3.70 ላይ በጃንዩዋሪ 1973 ምክር ቤት መግባቷ፣ 3.80 ላይ የ1974ቱ ንግግር፣ 4 ሜትር ላይ በ1976 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ዋና ንግግር ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሆኗ፣ 4.30 ላይ በ1979 ከምክር ቤት ወጥታ በኦስቲን ወደ ማስተማር መዞሯ፣ 5.80 ላይ በ1994 የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ መቀበሏ።

ካርዶቹ ሲሰቀሉ የሲባጎው ግማሽ፣ ማለትም ሙሉ ሦስት ሜትር፣ ምንም ሥልጣን የሌለበት ሆኖ ይታያል። ይህን መምህሩ አይናገር። ጥቂት ዝም ብሎ ቢጠብቅ ከተማሪዎቹ አንዱ ራሱ ይለዋል።

የሥር ካርዶቹ ታሪኩን ወደ አገር ያስጠጉታል። ጆርዳን ከመወለዷ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ደሴ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ፤ በሚያዝያ 1933 ተሸንፎ ለቀቀ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ። መስከረም 2 ቀን 1967 የንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረድ። ኅዳር 29 ቀን 1987 አሁን ያለው ሕገ መንግሥት መጽደቅ። የወሎ ረኀብ ካርድና የኒክሰን ምርመራ ካርድ አንዱ ካንዱ ሥር ሲውሉ ክፍሉ መነጋገር ይጀምራል፤ አምስት ደቂቃ ይተዉላቸው።

በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ዘመን መቀየር ነው። ከጃንዩዋሪ እስከ መስከረም መባቻ ስምንት ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቀኑ ላይ ግን ይሳሳታሉ። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት አዲሱ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ስለሆነ፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይዛባል። ሁለቱ የጆርዳን ቀኖች፣ ልደቷም ሞቷም፣ የወደቁት እንዲህ ባለ ዓመት ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1936 በተለመደው ስሌት የካቲት 14 ይመስላል፤ ትክክሉ የካቲት 13 ቀን 1928 ነው። ጃንዩዋሪ 17 ቀን 1996ም ጥር 9 ሳይሆን ጥር 8 ቀን 1988 ነው። ጁላይ 25 ቀን 1974፣ ንግግሩ የተደረገበት ቀን፣ ሐምሌ 18 ቀን 1966 ይሆናል። ሲባጎው የሚለካው በፈረንጆቹ ዓመት ስለሆነ በካርዱ ላይ ሁለቱንም ዘመን በሁለት ቀለም ይጻፉ። የአገር ውስጥ ካርዶችም መጀመሪያ ወደ ፈረንጆቹ ተቀይረው ይሰቀሉ፤ አለበለዚያ የጣሊያን ጦር ደሴ መግባት 1928 ተብሎ ከመነሻው በፊት ግድግዳ ፍለጋ ይሄዳል።

መለያየቱን ማስረዳት

ለዚህ ሩብ ሰዓት ይበቃል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ነጭና ጥቁር በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በውሃ መጠጫ፣ በሆስፒታል እንዲለያይ ሕጉ ያዝ ነበር። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ መለያየት ይፈቀዳል ብሎ ፈረደ፤ በተግባር እኩል የሆነ ነገር አልነበረም። ጆርዳን በ1952 ስትመረቅ በኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። የገባችበት ቴክሳስ ሳውዘርን ደግሞ የተቋቋመው በ1947 ነው፤ ግዛቱ ያቋቋመው አንድ ጥቁር የሂዩስተን ፖስተኛ የኦስቲኑ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲቀበለው ስለ ከሰሰ፣ እሱን ላለመቀበል ነበር። ተማሪዎች ይህችን ነጥብ ይወዷታል፤ እሷን ለማግለል የተሠራው ትምህርት ቤት የክርክር ቡድን አደራጅቶ አንደበቷን ሳለላት።

አንዳንድ መምህራን መድልዎን ለማሳየት ልጆቹን በጫማ ቀለም ወይም በቁመት ለይተው ከኋላ ያስቀምጣሉ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አያስፈልግም። ግማሹ ሳቅ ይሆናል፤ ግማሹ ደግሞ የሆነች ልጅ አልቅሳ የምትወጣበት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለማባበል ይሄዳል። የጣሊያን ወረራ ምሳሌ ይበቃል፤ በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅኝ ገዢው ሕግ ጣሊያናዊና የአገሩ ሰው እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ ይከለክል ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ በእኛም አገር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ይገለሉ ነበር ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ይደመጥ። ነገር ግን አስቀድሞ ደንብ ይቀመጥ፤ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ወይም የሰው ቤተሰብ በምሳሌነት አይጠራም። የብሔር ንትርክ ቢነሳም በዚሁ ደንብ ይመለስ። ደቡብ አፍሪካን የሚያነሳ ከመጣ ደግሞ አፓርታይድ የሌላ አገርና የሌላ ሕግ ስም መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮ ማለፍ ነው።

ቦሎቄው

እያንዳንዱ ቡድን ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አምስት ክብ ይሣላል። 50ው ፍሬ 50 መራጭ ነው፤ አምስቱ ክብ አምስት የምክር ቤት ወንበር። ነጩ የራሱን እጩ፣ ቀዩም የራሱን እጩ ይመርጣል እንበል።

አንደኛ ዙር። ክቡን ለጊዜው ይተዉትና ሁሉም 50 መራጭ ለአምስቱም ወንበር በአንድነት ይምረጥ። ለእያንዳንዱ ወንበር ድምፁ 30 ለ 20 ነው። ነጭ አምስቱንም ወሰደ፤ ቀይ ባዶ እጁን ወጣ። ጆርዳን በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት የተወዳደረችው በዚህ ዓይነት ነበር፤ ሂዩስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ የተባለው የአስተዳደር ክፍል ተወካዮቹን ይመርጥ የነበረው እንደ አንድ ክልል ሆኖ ነው። አምስተኛው ዋርድ እንዳለ ቢመርጣትም የካውንቲው ብዛት ይውጠዋል።

ሁለተኛ ዙር። አሁን አሥር አሥር መራጭ በየክቡ ይግባ። ቀዮቹ በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ሁለት ክብ ሙሉ በሙሉ ቀይ ይሁን፤ ሦስቱ ነጭ። ውጤቱ 3 ለ 2። አንድም መራጭ አልጨመረም፣ አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም።

ሦስተኛ ዙር። አሁን ለቡድኖቹ እንዲህ ይባል፦ ከክቡ አሥር አሥር ሳታጎድሉ ቀይን በተቻለ መጠን ብዙ ወንበር አስገኙለት። አሥር ደቂቃ ይስጧቸው። መልሱ ሦስት ክብ ላይ 6 ቀይና 4 ነጭ፣ አንዱ ላይ 2 ቀይና 8 ነጭ፣ የመጨረሻው 10 ነጭ ነው። ከ50ው 20 ብቻ የሆነው ቀይ ከአምስቱ ሦስቱን ያዘ። ከዚያ ተቃራኒውን ያሠሯቸው፤ በየክቡ 4 ቀይና 6 ነጭ ከገባ ቀይ እንደገና ዜሮ ነው። አንዳንድ ቡድን ሦስት ወንበር ያመጣውን አከፋፈል ፍትሐዊ ብሎ ያጨበጭባል። እዚህ ላይ መምህሩ ያቁማቸው፤ ያው ቀዩን ዜሮ ያደረገው ጠመኔ ነው እኮ። ይከራከሩበት፤ መቋጫ ባይገኝለትም ግድ የለም።

አራተኛ ዙር፣ የመምረጫው ግብር። በቴክሳስ መምረጥ የሚፈልግ ሰው 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የመምረጫ ግብር ይከፍል ነበር። ይህም ምርጫው ከመድረሱ ወራት ቀድሞ እስከ ጃንዩዋሪ 31 ካልተከፈለ አይሠራም፤ የምረጡኝ ዘመቻው ሲሟሟቅ ልምረጥ ብሎ የተነሳ ሰው ጊዜው አልፎበታል። 6 ለ 4 ካሏቸው ሦስት ክቦች ከእያንዳንዱ ሦስት ቀይ መራጭ አልከፈለም ብለው ያውጡ። 3 ለ 4 ሆነ፤ ሦስቱም ወንበር ወደ ነጭ ዞረ። ይህ ቁጥር ለማሳያ የተመረጠ መሆኑን ለተማሪዎቹ ይንገሩ፤ አለበለዚያ የቴክሳስ ውጤት ነው ብለው ይጽፉታል። ግብሩ ለፌዴራል ምርጫ በ1964፣ ለግዛት ምርጫ በ1966 ቀረ።

ካርታው እንዴት እንደተለወጠ በአጭሩ ይህ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 የምርጫ ክልል አከፋፈል በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል አለ፤ በ1964 ደግሞ ክልሎች በሕዝብ ቁጥር እኩል እንዲሆኑ ወሰነ። ቴክሳስ በ1965 ካርታዋን እንደገና ለመሥራት ተገደደች። ከዚያ የወጣው አዲሱ የሴኔት ክልል ጥቁሮች፣ ሜክሲኮ አሜሪካውያንና የሠራተኛ ማኅበር አባላት የበዙበት ነበር። ጆርዳን ገባችበት፣ አሸነፈች። 31 አባላት ባሉት ሴኔት ሌሎቹ 30 ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ከ1883 ወዲህ በዚያ ሴኔት ጥቁር ተቀምጦበት አያውቅም።

የዕለቱ ማሳረጊያ የአገራችን ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 54 ይነበብ፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል ካሉት ተወዳዳሪዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፣ የአባላቱ ቁጥር ከ550 አይበልጥም። ከዚያ ተማሪዎቹ ከአራቱ ዙር ለዚህ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ይናገሩ።

ሁለተኛው ቀን፦ ንግግሩና ክርክሩ

በመጀመሪያው ቀን በሩ እንዴት እንደተከፈተ አይተዋል። ዛሬ ደግሞ በሩ ሲከፈት የቆመችው ሴት ምን ይዛ እንደቆመች ይታያል። ጆርዳን በቴክሳስ ሳውዘርን በቶማስ ፍሪማን አሠልጣኝነት ተከራካሪ ነበረች፤ ቡድኑ ከሃርቫርድ ተከራካሪዎች ጋር ገጥሞ እኩል ወጥቷል። አሸነፈ ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኩል ነው። ከቦስተን ስትመለስ የጥብቅና ሥራዋን የጀመረችው በወላጆቿ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1960 ለኬኔዲና ለጆንሰን ምርጫ መራጭ በማስተባበር ሠርታለች፤ መራጭን በየቤቱ ፈልጎ ማውጣት የተማረችው ያኔ ነው። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሊንደን ጆንሰን ደጋፊዋ ሆነ፤ ዋሽንግተን ስትገባ የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ቦታ እንድታገኝ ያገዛት እሱ ነው። ይህን ከተማሪዎች መደበቅ አያስፈልግም፤ ፖለቲካ ውስጥ ብቻውን የወጣ የለም።

የሐምሌ 18ቱ ንግግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሙሉውን በእንግሊዝኛ ማሰማት ክፍሉን ያስተኛዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃ ብቻ ያሰሙ። መጀመሪያ ትርጉም ሳይነገር አንዴ ይደመጥ፤ ልጆቹ እያንዳንዱ ቃል እንዴት ተለቅሞ እንደሚወጣ፣ የት ላይ ዝም እንደምትል ይመዝግቡ። ከዚያ ይዘቱ ይነገር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «እኛ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል፤ እሷ ግን ሰነዱ በሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ሲጠናቀቅ በዚያ «እኛ» ውስጥ እንዳልነበረች፣ በኋላ በማሻሻያና በፍርድ ቤት ውሳኔ እንደገባች ተናገረች። ቀጥላም ለሕገ መንግሥቱ ያላት እምነት ሙሉና ፍጹም እንደሆነ፣ ሲፈርስም ቆማ እንደማታይ አስታወቀች።

ክርክር ለሚማር ሰው ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ኒክሰንን አልሰደበችም። መጀመሪያ መለኪያውን አስቀመጠች፤ ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁትና ያጸደቁት ሰዎች ፕሬዚዳንት በምን ጥፋት ከሥልጣን ይነሳል ብለው እንደነበር በየስማቸው ጠቀሰች። ከዚያ ከእያንዳንዱ መለኪያ ጎን የፕሬዚዳንቱን ድርጊት አኖረች። ፍርዱን ሰሚው ራሱ እንዲሰጥ ተወችለት። ኒክሰን ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ።

ተማሪዎቹ ይህንኑ በሦስት ዓምድ ይሥሩት፤ መለኪያ፣ ድርጊት፣ ፍርድ። መለኪያው የክበቡ መተዳደሪያ ደንብ ወይም የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን መመሪያ ይሁን፤ የመንግሥት ባለሥልጣን ስም ከገባበት ክርክሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። የተለመደው ስሕተት ፍርዱን አስቀድሞ መጻፍ ነው፤ «የክበባችን ገንዘብ ያዥ ሰነፍ ነው» ብሎ ይጀምራል። ወረቀቱን ይመልሱለትና የመጀመሪያው ዓምድ ሳይሞላ ሦስተኛውን እንዳይነካ ይንገሩት።

ለክርክሩ የሚስማማው ርዕስ ከቦሎቄው የሚመዘዝ ነው፤ የተማሪ ተወካዮች በየክፍሉ ይመረጡ ወይስ በመላው ትምህርት ቤት በአንድነት? በየወገኑ ሁለት ተከራካሪ፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ፤ ከዚያ 3 ደቂቃ መመካከሪያ፤ በየወገኑ የ3 ደቂቃ መልስ። ሁሉም 25 ደቂቃ ነው። ሰዓት ያዥ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንዴ፣ አራተኛው ላይ ሁለቴ ጠረጴዛ ይምታ፤ ከዚያ በኋላ የተነገረ አይቆጠርም። ዳኛ ሦስት ይሁን። የተከራካሪዎቹ ወገን በዕጣ ይመደብ እንጂ በምርጫ አይሁን፤ ልጆች የሚያምኑበትን ብቻ ከያዙ የሌላውን ወገን ነጥብ አያጠኑም። ሴት ልጆች በድምፅ መቀነስ ከተቸገሩ ከኋላ ወንበር ሆነው የሚሰሙትን እየጻፉ ያለማምዷቸው፤ የተጻፈው ከተነገረው ጋር ካልተዛመደ ተናጋሪዋ ትድገመው። ፍጥነት በደቂቃ መቶ ቃል ገደማ ቢሆን ይበቃል። ጩኸት የድምፅ መድኃኒት አይደለም፤ የቃሉን መጨረሻ አለመዋጥ ነው።

የኮምቦልቻና የደሴ ክበቦች ቢገጥሙ ጥሩ ነው፤ ግን ከኮምቦልቻ የሚመጡት ሐረጎን ሲወጡ ጉም ሊይዛቸው ስለሚችል ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይቀጠር።

ካርድ ላይ የሚሰፍሩ ስሕተቶች

ጆርዳንን «የአሜሪካ ሴናተር» የሚል ካርድ በየክበቡ ይገኛል። የነበረችበት ሴኔት የቴክሳስ ነው፣ መቀመጫውም ኦስቲን። በዋሽንግተን ያገለገለችው በተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለተማሪ የሚቀለው የክልል ምክር ቤትንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አስቦ መለየት ነው። «ወደ አሜሪካ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት» ማለትም ስሕተት ነው፤ እሷ በ1968 ከኒው ዮርክ የተመረጠችው ሸርሊ ቺዝም ናት። ጆርዳን ከደቡብ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። «የቴክሳስ ገዥ ነበረች» የሚለው እውነት የሚሆነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሰኔ 3 ቀን 1964 ዓ.ም. ገዥውና ምክትሉ በሌሉበት፣ የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ስለነበረች ቦታውን ይዛ ዋለች። ከምክር ቤት የወጣችው ታማ ነው ብሎ ታሪኩን የሐዘን ማድረግም ልክ አይደለም። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ ሕመም በ1973 ጀምሯት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ኮሚቴው ላይ የተናገረችው፣ በ1975ም የመምረጥ መብት ሕጉ ቴክሳስንና እንግሊዝኛ የማይናገሩ መራጮችን እንዲሸፍን የሠራችው።

ከአገራችን ጎን ለጎን ማቆም ለሚፈልግ ስንዱ ገብሩ አለች፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ምርጫ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት። ጆርዳን ያኔ ገና የሕግ ተማሪ ነበረች።

እንግዳ መጋበዝ

ጆርዳን ጠበቃ ለመሆን የቆረጠችው ኢዲት ሳምሰን የተባለች ጥቁር ጠበቃ ትምህርት ቤቷ መጥታ ስትናገር ሰምታ ነው። ስለዚህ ከከተማው ምክር ቤት ወይም ከፍርድ ቤት አንዲት ሴት መጋበዝ ያስኬዳል። ደብዳቤው በርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይድረስ፤ የምርጫ ዘመቻ ሲኖር ግን አይጋበዝ። «ምን ይመክሩናል?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀሩ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ጠንክሩ» ነው። ልጆቹ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ እርስዎን ማን ለእጩነት አቀረበዎት? የምርጫ ክልልዎ ከየት እስከ የት ነው? ስንት ሰው መረጠዎት? ልጅዎን ማን ያዘልዎት? የመጨረሻው ጥያቄ ያስቃል፤ ረጅሙን መልስ የሚያመጣው ግን እሱ ነው።

መመዘኛ

በሁለተኛው ቀን መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ በብጣሽ ወረቀት ይመለስ፦ «ባርባራ ጆርዳን በ1964 ተሸንፋ በ1966 ያሸነፈችው ለምንድን ነው?» ከአምስት ይታረማል። የምርጫ ክልሉን መለወጥ ላብራራ ሁለት፣ የመምረጫውን ግብር መቅረት ላነሳ አንድ፣ የክርክርና የማስተባበር ልምዷን ለጠቀሰ አንድ፣ ዓመተ ምሕረቱን በሁለቱም አቆጣጠር በትክክል ለጻፈ አንድ። ከክፍሉ ሲሶ የሚሆነው «ጠንካራ ስለነበረች» ብሎ ብቻ ከመለሰ በሚቀጥለው የክበብ ቀን ቦሎቄው እንደገና ይውጣ፤ ሁለተኛና ሦስተኛው ዙር ብቻ ይበቃል፣ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።